የመምህር ሠርፀ ጉም

መምህር ሠርፀ መምህር አልነበራቸውም። ይህን የሚሉት ራሳቸው ናቸው። ሌላው የነቀምቴ ሰው እንደ አዳም ልጅ ሁሉ ከአባትና ከእናት ተወልዶ፣ በፊደል አስቈጣሪ ተገሥጾ፣ በታላላቆቹ ተኰርኵሞ ያደገ ሲሆን፣ እሳቸው ግን በድርሰት ረገድ እንደ መልከ ጼዴቅ አባትና እናት፣ የትውልድም ቍጥር የሌላቸው መሆናቸውን ዕድሜ ልካቸውን ሲመሰክሩ ኖረዋል።

«እኔ ምንጭ ነኝ» ይሉ ነበር፤ «ወንዝ ከየት መጣህ ይባላል፤ ምንጭ ግን አይጠየቅም።»

ባለቤታቸው ወይዘሮ ሸዋረገድ ከጓዳ ሆነው ይመልሳሉ። «ምንጭም በዝናብ ነው የሚሞላው። አንተ ሰው፣ ይልቅ ቧንቧው መጥቷል፤ ባልዲውን አቅርብ።»

ቃሉ የትዕቢት ይምሰል እንጂ የወጣው ከቍስል ነበር። መምህር ሠርፀ የጎጃም ልጅ ናቸው፤ ደበሎ ለብሰው፣ ቍራሽ ለምነው፣ ከመንደር ውሻ ጋር ተከራክረው ቅኔ የጀመሩ። በቅኔ ቤት ሥርዓት አንድ ተማሪ ሙያውን ባስመሰከረ ቀን በጉባኤው መካከል ይቆምና «የማን ተማሪ ነህ?» ይባላል። እሱም የመምህሩን ስም ይጠራል። የተጠራው መምህር በቦታው ካለ እሱም በተራው ይነሣና የራሱን መምህር ይጠራል፤ እንዲህ እየተባለ ሐረጉ ሙታን ዘንድ እስኪደርስ ይቈጠራል። ተማሪ ያልጠራው መምህር ምን ቢራቀቅ መካን ነው፤ መምህሩን ያልጠራ ተማሪ ደግሞ ምን ቢቀኝ ዲቃላ ነው። ሥርዓቱ ጥብቅ ነው፤ ርኅራኄም የለውም።

ሠርፀ ለዚያ ቀን አልበቁም። መምህራቸው የኔታ ተክለጻድቅ አንድ ማለዳ ያቀረቡላቸውን ቅኔ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ፤ ከሰሙም በኋላ ለረጅም ጊዜ አልገለጡም። በመጨረሻም፣ «ልጄ፣ አንተን እግዚአብሔር የፈጠረህ ለመንግሥት ሥራ ነው» አሏቸው። ነገሩ መርገምም ትንቢትም ነበር። ሠርፀ ደበሏቸውን ጥለው ወደ መምህራን ማሠልጠኛ ገቡ፤ መንግሥትም አላሳፈራቸውም፤ አንገር ጉቲን ላካቸው።

አንገር ጉቲን በዚያ ዘመን የሰፈራና የመንግሥት እርሻ አገር ነበር፤ ዶሮ ሳትታቀፈው ዕንቍላሉ ይበስላል እያለ ሰፋሪው የሚቀልድበት ቆላ። የውኃ ጉድጓድ ሊያስቈፍር የመጣ አንድ ጃፓናዊ መሐንዲስ በመምህራን መኖሪያ ከሠርፀ ክፍል አጠገብ ከርሞ ነበር። ውኃው ሳይገኝ ወባዋ አገኘችውና በጭነት መኪና አጋድመው ሲወስዱት በትራሱ ሥር አንድ መጽሐፍ ረሳ። ጃፓናዊ ደራሲ የጻፈው፣ በእንግሊዝኛ የተተረጐመ ልብ ወለድ ነው።

በመጽሐፉ ውስጥ ከዳር እስከ ዳር ጉም ነው። አንድ ሰው ከጉሙ ውስጥ ወጥቶ ወደ ቤቱ ይገባል። ሻይ ይቀዳለታል። አይጠጣውም። ምዕራፉ ያልቃል። ሠርፀ መዝገበ ቃላት ይዘው አንድ ክረምት ሙሉ ሲያነቡት ከረሙ፤ ሲጨርሱም ገልብጠው ከመጀመሪያው ጀመሩት። ዝም በማለት ይህን ያህል መናገር እንደሚቻል የነገራቸው ሰው አልነበረም፤ የኔታ ተክለጻድቅ ሲናገሩም ሲቈጡም በአንድ ድምፅ ነበርና። ደስታቸው ሰውነታቸውን አራደው። መጀመሪያ ወባ መሰላቸው።

ከዚያ በኋላ ጻፉ። መጽሐፋቸው «ጉም በቆላ» ይባላል። ባለታሪኩ የመንግሥት እርሻ ትራክተር ነጂ ነው። ማታ ከሥራ ሲገባ ጫማውን በር ላይ ያወልቅና በሰሌኑ ላይ ይንበረከካል። ሚስቱ ሻይ ትቀዳለታለች። ሦስት ምዕራፍ ሙሉ አንዳቸውም ቃል አይተነፍሱም። ከውጭ ጉም አለ።

የታተመ ዕለት ለጎረቤቶቻቸው ለወሎ ሰፋሪዎች አነበቡላቸው። ሰዎቹ በትሕትና ሰሙ። ሲያበቃ አንዱ ሽማግሌ፣ «የኔ ጌታ፣ ይኸ ሰውዬ ምን አድርጎ ነው ሚስቱ ያኰረፈችው?» አለ።

«አላኰረፈችም። ዝምታ ነው።»

«እሱንማ አየን። ምን አድርጎ ነው?»

ሌላው ጣልቃ ገባ። «እሱስ የባልና ሚስት ጉዳይ ነው፤ ይለፍ። ጉሙን ግን የት አገኘኸው? እኛ እዚህ ከመጣን በጥላ ሥር እንኳ ቀዝቅዞን አያውቅ።»

«ጉሙ ምሳሌ ነው» አሉ መምህር ሠርፀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያልተገጣጠመላቸው ነገር ሁሉ ምሳሌ ሆነ።

ወደ ነቀምቴ ተዛውረው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ ማስተማር ሲጀምሩ፣ ዓርብ ዓርብ የመጨረሻውን ክፍለ ጊዜ ለራሳቸው መጽሐፍ ቀደሱት። እሳቸው ያነባሉ፤ ክፍሉ እንደ ሐዋርያት በጌቴሴማኒ ይተኛል። በዚያ ሁሉ ዘመን ነቅቶ የተገኘው አንድ ብቻ ነበር፤ ኢቢሳ የሚባል የዲጋ ልጅ። እሱ እንኳ ያልተኛው ሌሊት በቂ ስለተኛ ነው ይላሉ ጓደኞቹ።

ኢቢሳ አደገ፤ የእርሻ ባለሙያ ሆነ፤ ጸሓፊም ሆነ። በአፋን ኦሮሞ ግጥም፣ በአማርኛ ልብ ወለድ ይጽፋል። ለምን እንዲህ እንደ ከፈለው ሲጠየቅ፣ «ግጥሙን እናቴ እንድትሰማው፣ ልብ ወለዱን እናቴ እንዳታነበው ነው» ይላል። የመጀመሪያ ልብ ወለዱ በቅርቡ አዲስ አበባ ታተመ። በንጋት በነቀምቴ መናኸሪያ ቲኬት ቈርጦ የማይሳፈር ሰው ታሪክ ነው። መኪናዎቹ ከጉም ውስጥ ይወጣሉ፤ ወደ ጉም ይገባሉ። ሰውየው ሻይ ያዝዛል፤ አይጠጣውም። መጽሐፉ ተወደደ፤ የሬዲዮ ጋዜጠኞችም ይጠሩት ጀመር።

እንግዲህ መምህር ሠርፀ ጢማቸውን በመላጨት ላይ ሳሉ የወይዘሮ ሸዋረገድ ሬዲዮ፣ «ድርሰትን ከማን ተማርክ?» ሲል ሰሙ። ምላጩን አነሡ። ኢቢሳም፣ «ከአንዲት ጃፓናዊት ደራሲ» ብሎ መለሰና ስሟን ጠራ።

መምህር ሠርፀ ግማሽ ፊታቸውን በሳሙና እንደ ሸፈኑ ወደ ሳሎን ወጡ።

«ሰማሽ?»

«ሰማሁ።»

«ጃፓናዊት! የሴትዮዋን ስም ለመጥራት እንኳ ሦስት ጊዜ ተደናቀፈ። የኔ ስም ከባድ ሆኖበት ነው? ሠርፀ! ሦስት ፊደል!»

«መጀመሪያ ያንን ሳሙና ጥረገው፤ ምንጣፌ ላይ እየተንጠባጠበ ነው።»

«ይኸ ልጅ ከኔ ደጃፍ ያለውን ውኃ ትቶ ቶኪዮ ድረስ ሄዶ ቀዳ!»

«ምን ታደርገዋለህ፤ የነቀምቴ ቧንቧ በፈረቃ ነው የሚመጣው» አሉ ወይዘሮ ሸዋረገድ፤ ድምፁንም ከፍ አደረጉት።

መምህር ሠርፀ ሳሙናውን በእጅጌያቸው ጠረጉ። ጡረታ ከወጡ ወዲህ የጻፉትን የሚያነብ፣ ያስተማሩትን የሚጠቅስ ሰው አልነበረም፤ ያ ልጅ ስማቸውን ካልጠራ በዚህ ዓለም ደራሲ ሆነው ማለፋቸውን የሚመሰክር ማንም አይኖርም። የኔታ ተክለጻድቅ ከመቃብር ሆነው አሸነፉ ማለት ነው። ስልኩን አንሥተው ኢቢሳን ቀጠሩት።

በነቀምቴ ስለ ጃፓን ደራስያን ማውራት ለሌላው አገር ሰው ይግረመው እንጂ ለከተማው እንግዳ አይደለም። ድርቤ የምትባል የጤና ጣቢያ ነርስ የምትመራው የቅዳሜ አንባቢዎች ማኅበር አንድ ዓመት ሙሉ ሦስት ጃፓናውያንን ሲያነብ ከርሟል። ስማቸው ምላስ ስለሚያጥፍ ማኅበሩ ክርስትና አንሥቶላቸዋል። ሽማግሌው አባ ጉም ናቸው፤ ያንን የመሐንዲሱን መጽሐፍ የጻፉት። መካከለኛው ባለጃንጥላው ነው። ወጣቷ ደግሞ የዓሣ ገበያዋ ልጅ ትባላለች፤ ታሪኮቿ ከዓሣ ገበያ አይወጡምና። መምህር ሠርፀ ከማኅበሩ ቀርተው አያውቁም፤ አባ ጉም በተነበቡበት ሰሞን ብቻ ወገባቸውን አሟቸው ነበር።

ኢቢሳ ሻይ ቤት ቀድሞ ደርሶ ጠበቃቸው። ሲገቡ ከወንበሩ ተነሥቶ ጐንበስ አለ።

«አካም ጅርቱ፣ ጋሼ?»

«ደኅና ነኝ። በጃፓን በኩል እንደምን ከረሙ?»

ልጁ ሣቀ፤ እሳቸው አልሣቁም። ሻይ መጣ።

«ጋሼ፣ የዚያ አገርም ነገር እንደኛው ነው» አለ ኢቢሳ፤ ነገሩን ለማብረድ። «ባለጃንጥላው ዕድሜውን ሙሉ ከአባ ጉም ሲሸሽ ነው የኖረው። በመጽሐፎቹ ሁሉ ቀትር ነው። ጃንጥላውን እንኳ የሚዘረጋው ለፀሐይ ነው። ስለ አባ ጉም ሲጠይቁት አንብቤያቸው አላውቅም ይላል።»

«ዋሽቶ ነው!» አሉ መምህር ሠርፀ ሳያስቡት።

«እንዴት አወቁ?»

«እ... ሰው ከማያውቀው ነገር እንዲህ አጥብቆ አይሸሽም ለማለት ነው።»

ኢቢሳ ትንሽ አያቸውና ቀጠለ። «ልጅቷ ደግሞ በባለጃንጥላው እጅ ነው ያደገችው፤ ዓረፍተ ነገሯ የእሱ ነው። እሱን ግን አንድ ቀን አትጠራውም። ዓሣው ከሚቀመጥበት በረዶ የሚነሣውን ጢስ እያሳየች የሽማግሌውን ጉም መልሳ አመጣችው፤ መምህሬ አባ ጉም ናቸው ትላለች። አባቷን ዘልላ አያቷን ሳመች።»

«አንተስ? አንተም እኔን ዘለልከኝ!» ጠረጴዛውን በመዳፋቸው መቱት፤ ሻዩ ፈሰሰ። «ዓርብ ዓርብ ያነበብኩልህ ማነኝ? ያ ክፍል ሁሉ ሲያንኰራፋ ላንተ ብቻ የጮኽኩት ማነኝ?»

ኢቢሳ በጨርቅ ጠረጴዛውን እየጠረገ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ጋሼ፣ ይቅርብዎ» አለ።

«ምኑ ነው የሚቀርብኝ?»

«መጠራቱ።»

«ለምን?»

«እንዲሁ።»

መምህር ሠርፀ ይህንን «እንዲሁ» በንቀት ተረጐሙት። ነቀምቴ ላይ መጽሐፉ በሚመረቅበት ዕለት በቅኔ ቤት ሥርዓት በጉባኤ ፊት መምህሩን እንዲጠራ ጠየቁት፤ ቀጥሎም ለመኑት፤ በመጨረሻም ረገሙት። ልጁ ተሸነፈ።

«እሺ አባኮ» አለ፤ አባቴ ማለቱ ነው። «በሥርዓቱ ከሆነ ግን የሚያስፈጽሙት ከማኅበሩ መሪጌታ ሕሩይ ናቸው።»

«ማንም ያስፈጽመው!»

ቤት ገብተው ድሉን ሲያበሥሩ ወይዘሮ ሸዋረገድ ሽንኵርት ከመክተፍ ቀና አሉ። «እሱ አንተን ሲጠራህ ነገሩ በዚያ ያበቃል?»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«እኔ እንጃ። የቅኔ ቤት ሰዎች ስትቈጣጠሩ ማቆሚያ የላችሁም ስትል ነው የምሰማው። የተጠራ ይነሣል፣ ይጠራልም ትል ነበር።»

«እኔ የኔታ ተክለጻድቅን እጠራለኋ!»

«ያባረሩህን?»

«ሙት ምን ብሎ ይክዳል» አሉ መምህር ሠርፀ፤ ራሳቸውም በአባባላቸው ጥቂት ደነገጡ።

የምረቃው ዕለት አዳራሹ ሞላ። መሪጌታ ሕሩይ ነጭ ጋቢያቸውን ተጐናጽፈው ከፊት ተቀመጡ። እሳቸውም የየኔታ ተክለጻድቅ ተማሪ ናቸው፤ በከተማው የታወቁ የቅኔ መምህር። ወደ አንባቢዎች ማኅበር የሚመጡት ልብ ወለድ ወድደው ሳይሆን፣ ሰው ሐሰትን ወረቀት ገዝቶ ሲያሳትም ማየት ስለሚያስደንቃቸው መሆኑን በግልጽ ተናግረዋል።

ድርቤ ማይክራፎኑን ለኢቢሳ ሰጠችው። መሪጌታ ጕሮሯቸውን ጠረጉ። «የማን ተማሪ ነህ?»

«እኔ ኢቢሳ፣ የዲጋው፣ ድርሰትን የተማርኩት ከመምህር ሠርፀ ነው» አለ ልጁ። «ዓርብ ዓርብ፣ በመጨረሻው ክፍለ ጊዜ።»

አዳራሹ አጨበጨበ። ያንኰራፉ የነበሩት የቀድሞ ተማሪዎች ከሁሉ አብልጠው አጨበጨቡ። መምህር ሠርፀ ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ ይህንን ዕለት ደበሎ ከጣሉበት ማለዳ ጀምሮ ሲጠብቁት ኖረዋልና። በልባቸው፣ ጌታ ሆይ፣ አሁን ባሪያህን ልታሰናብተው ትችላለህ ሊሉ ሲሉ መሪጌታ ድጋሚ ጕሮሯቸውን ጠረጉ።

«ሥርዓቱ አላለቀም። መምህር ሠርፀ ይነሡልን። እርስዎስ የማን ተማሪ ነዎት?»

«የየኔታ ተክለጻድቅ» አሉ ፈጠን ብለው፤ ለመቀመጥም ጐንበስ አሉ።

«ይቁሙ እንጂ። የኔታን እኔም አውቃቸዋለሁ፤ ነፍሳቸውን ይማር። ቅኔን አስተምረውኛል፤ ዱላንም አቅምሰውኛል። ነገር ግን የእርስዎ ትራክተር ነጂ ሻይ ቀርቦለት ሦስት ምዕራፍ ዝም ይላል። የኔታ ሻይ ቀርቦላቸው እንኳንስ ሦስት ምዕራፍ፣ ጕርሻ በአፋቸው ሳለ ዝም ብለው አያውቁም። ይኸን ዝምታ ከማን ወሰዱት?»

ሰዉ ሣቀ።

«ሁለተኛ» አሉ መሪጌታ፣ «እኔ አንገር ጉቲን ቤተ ክርስቲያን አገልግያለሁ። በጥምቀት ታቦት ይዘን ስንወጣ ላባችን ከጠበሉ ይበልጥ ነበር። ያ ጉም ከየት መጣ?»

«ጉሙ... ምሳሌ ነው።»

«የምን?»

መምህር ሠርፀ አፋቸውን ከፈቱ፤ ግን ምሳሌ የሆነለትን ነገር እስከዚያ ቀን አስበውት አያውቁም ነበር። በዚህ ጊዜ ኢቢሳ ከመቀመጫው ብድግ አለ።

«መሪጌታ፣ ጉሙ የዲጋ ነው! ጋሼ ከአንገር ጉቲን ወደ ነቀምቴ ሲመላለሱ ዲጋ ላይ በክረምት ያዩት ነው። እኔም ራሴ ያደግኩበት ጉም ነው!»

ከዚያም ከኋላ አንድ የመናኸሪያ ሰው፣ «ከአንገር ጉቲን በዲጋ ዞሮ ነቀምቴ የሚገባው የማን መኪና ነው? እኛም እንሳፈርበት!» ብሎ ጮኸ። ሁለቱ መንገዶች ነቀምቴን በግራና በቀኝ የያዙ መሆናቸውን የማያውቅ በአዳራሹ አልነበረም። ሣቁ ጣራውን አነቃነቀው።

መምህር ሠርፀ ግን የሚያዩት የኢቢሳን ፊት ነበር። የልጁ ጆሮ ቀልቷል። ከዲጋ የመጣ ሰው የዲጋን መንገድ አይስትም፤ የዋሸው ለራሱ አይደለም። ያን ጊዜ ያ የሻይ ቤቱ «እንዲሁ» በልቡናቸው ተገለጠ። ይህ ልጅ አባ ጉምን አንብቧል። የዓርቡን ትራክተር ነጂ በጃፓን ጉም ውስጥ ተንበርክኮ አግኝቶታል። ሬዲዮው ላይ ስማቸውን ያልጠራውም ስለናቃቸው አልነበረም፤ ቢጠራቸው እንዲህ ያለው ጥያቄ እንደሚመጣባቸው ስላወቀ ዘለላቸው እንጂ።

አሁንም ዝም ቢሉ ሣቁ ይሸፍናቸው ነበር። መሪጌታም ቢሆኑ እንደ ሳቁ ያልፉታል፤ ሰዉም ነገ ይረሳዋል። ምንጭ እንደ ሆኑ ይቀራሉ፤ አንድ ተማሪም አፍርተዋል። በዚያው ቅጽበት የአዳራሹ በር ተበረገደና የከበሮ ድምፅ ገባ። ለካ አዳራሹን ከነሱ ቀጥሎ የተከራዩት ሠርገኞች ነበሩ፤ ሽማግሌዎቻቸውን አስቀድመው በሩን ሞሉት።

«መምህር፣ ሙሽሮቹ ደርሰዋል» አለች ድርቤ ሰዓቷን እያየች። «በአጭሩ ቢያደርጉልን።»

«በአጭሩ አደርገዋለሁ» አሉ መምህር ሠርፀ። «ተቀመጥ ኢቢሳ፤ ውሸት አያምርብህም፤ አልተማርከውም። እኔም አላስተማርኩህም፤ ሳስተምርህ የዋሸሁት ሌላ ነው።» እጃቸውን አጣምረው፣ በቅኔ ቤት ተማሪ እንደሚቆመው ቆሙ። «እኔ ሠርፀ፣ ቅኔን ከየኔታ ተክለጻድቅ ጀምሬ ሳልጨርስ የተባረርኩ፣ ድርሰትን የተማርኩት እናንተ አባ ጉም ከምትሏቸው ጃፓናዊ ነው። ዝምታው የእሳቸው ነው። ሻዩ የእሳቸው ነው። ጉሙም የእሳቸው ነው፤ ትራክተሩ ብቻ የመንግሥት ነው።»

የሣቀም፣ ያፏጨም፣ «ምንጭ!» ብሎ የጮኸም ነበረ። ከሁሉ በላይ የተሰማው ግን የወይዘሮ ሸዋረገድ ድምፅ ነው።

«እሰይ! ሰውዬው ለምን እንደሚንበረከክ ዛሬ ገባኝ! ዕድሜዬን ሙሉ ጕልበቱን የሚያመው ነበር የመሰለኝ!»

መሪጌታ ሕሩይ እጃቸውን አንሥተው ጉባኤውን ጸጥ አሰኙ። አሁን እርስዎታው ከአፋቸው ወድቆ የተማሪነት ዘመናቸው ቋንቋ ተመልሶ ነበር።

«አንተ ሠርፀ፣ ሰውየው የተጠመቀ ነው?»

«አይመስለኝም፣ መሪጌታ።»

«የቅኔ ቤቱስ? ጎንጅ ነው ዋሸራ?»

መምህር ሠርፀ አሰቡ። «ሌላ ቤት ነው። ተማሪውም መምህሩም ዝም የሚልበት።»

«እንደዚያ ያለ ቤት በጎጃም ቢተከል ኖሮ ጆሮዬ እስከ ዛሬ በደኅና በሰማልኝ ነበር» አሉ መሪጌታ በሐዘን። ወዲያውም ወደ ኢቢሳ ዞሩ። «ሥርዓቱ ተፈጽሟል። መምህሩን ያልጠራ አይቈጠርም፤ የጠራ ግን ይቈጠራል፤ የጠራው አረመኔ ቢሆንም። በል፣ ከላይ እስከ ታች መልሰህ ቍጠር፤ ምንም እንዳትዘል።»

ኢቢሳ ማይክራፎኑን ያዘ። አባ ጉም ባለጃንጥላውን በሽሽት ወለዱ አለ፤ ባለጃንጥላውም የዓሣ ገበያዋን ልጅ ሳያውቅ ወለደ፤ አባ ጉም ደግሞ በአንገር ጉቲን፣ በወባ ምክንያት፣ መምህር ሠርፀን ወለዱ። «እኔን ኢቢሳን ግን» አለ፣ «በቀትር ያቺ ልጅ ብታስተምረኝም፣ መጀመሪያ፣ በዓርብ ቀን፣ የወለዱኝ መምህር ሠርፀ ናቸው።»

በበሩ ላይ የቆሙት ሠርገኞች ነገሩ ባይገባቸውም ዘር ሲቈጠር ሰምተዋልና በሠርግ ቀን እንደሚገባው እልል አሉ። ከበሮውም ተቀበላቸው። የሙሽራው ወገን አለቃ ኦቦ ባቻ፣ በትራቸውን እየተመረኰዙ በሰዉ መካከል ሠንጥቀው ወደ ፊት መጡ። በእነሱ ሥርዓት ዘር ሳይቈጠርና ዝምድና ሳይጣራ ጋብቻ አይጸናም፤ እሳቸው ያላጣሩት ዘር በዚህ አዳራሽ መቈጠሩ አሳስቧቸዋል።

«አካም ኦልታን» ብለው ሰላምታ ሰጡና መምህር ሠርፀ ፊት ቆሙ። ማይክራፎን የያዘውን ኢቢሳን በበትራቸው ጫፍ አመለከቱ። «ኢልመ ኬሰኒ?» አሉ፤ ልጅዎ ነው ወይ ማለታቸው ነው።

መምህር ሠርፀ እንባቸውን በመዳፋቸው ጠረጉ።

«ኤዬ፣ ኦቦ። የኔ ነው። እኔ ግን የጃፓን ነኝ።»

ኦቦ ባቻ ከእግር እስከ ራሳቸው በጥንቃቄ ተመለከቷቸው፤ ጥቂትም በልባቸው ቈጠሩ።

«ሩቅ ነው» ብለው ፈረዱ። «ጋብቻ አይከለክልም።»